ቱሉ ዲምቱ ላይ ቦይለር ለማሠራት ያየሁት አበሳ

ለገና ከቶሮንቶ የመጣሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጣሁ ማግስት ልታጠብ ስገባ ውሃው በረዶ ነው። ለካ ቦይለሩ ከጥቅምት ጀምሮ አይሠራም። እማዬ «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» እያለች ደብቃኝ፣ በዚያ ብርድ በድስት እያሞቀች ነው የምትታጠበው። አንጀቴን በላችው። በዚያው ቀን ባለሙያ ፍለጋ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከኢንተርኔት ነው። «ነገ ጠዋት» ብሎ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መጣ። ገና ከበሩ «ከውጭ ነው የመጣሽው አይደል?» አለኝ። ሽፋኑን ሳይፈታ፣ ካቻቢቴ እንኳን ከቦርሳው ሳያወጣ፣ ቦይለሩን በእጁ መታ መታ አድርጎ «ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ነው የሚያስፈልገው» አለ። ባለ 50 ሊትሩ ከነእጅ ዋጋው 42 ሺህ ብር። ለእናቴ ነውና አልተከራከርኩም፣ 15 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ላኩለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት ናቸው እስካሁን የሚያንገበግቡኝ። ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ደግሞ «ቃሊቲ ተዘጋግቷል»፣ ደግሞ «ዕቃው ከመርካቶ እየመጣ ነው»፣ ከዚያ ስልኩን አያነሳም፣ እኔ ደግሞ መጥቶ ቢያጣንስ ብዬ ከቤት መውጣት አቅቶኝ፣ ደብረ ዘይት ያለችውን አክስቴን የማይበት ቀን እንዲሁ አለፈ። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነው ያለኝ! በአምስተኛው ቀን ደውሎ «ዶላር ጨምሯል፣ 8 ሺህ ጨምሪ» አለኝ። ተወው፣ ገንዘቤን መልስ አልኩት። 10 ሺህ መለሰና 5 ሺውን «የትራንስፖርትና የድካሜ» ብሎ አስቀረ። «ለእናንተ እኮ ይቺ ምንም አይደለችም» አለኝ። እኔ ያቺን ብር የማገኘው ሌሊት ቆሜ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ነው። ካናዳም የቧንቧ ሠራተኛ ውድ ነው፣ ግን እኔ ቤት የመጡት ሁሉ ዋጋውን አስቀድመው በወረቀት ይሰጡኛል። ሳያዩ አይፈርዱም።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ «እዚሁ ግቢ የሚሠራ ልጅ እያለ?» ብለው ተቆጡኝ። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጣ። ብሬከሩን አጠፋ፣ በቴስተር አረጋገጠ፣ ውሃውን አፍስሶ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ውሃ የሚያሞቀውን ብረት፣ አወጣው። ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ለብሶ መሃል ላይ ተሰንጥቋል። «እማማ፣ ታንኩ ጤነኛ ነው፣ የተቃጠለው ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ለእናቴ አሳያት።

ለምን እንደተቃጠለም ነገረን። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ሴፍቲ ቫልቭ መኖር ነበረበት። ከዓመታት በፊት «ያንጠባጥባል» ብሎ አንዱ ሠራተኛ አንስቶ ተራ ቫልቭ ገጥሞበታል። ለካ ማንጠባጠቡ ሥራው ነው፤ ውሃ ሲሞቅ የሚፈጠረውን ግፊት የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። ውሃው ወደ መስመር እንዳይመለስም ይይዛል። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ቦይለሩ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ይጎድላል፣ ሬዚስታንሱ ደግሞ ባዶውን ይግላል። እናቴ ከዚህ ነገር ሥር ነበር የምትታጠበው፤ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ሬዚስታንስ፣ አኖድ (ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው ዘንግ)፣ ጎሚኒ፣ ሴፍቲ ቫልቭና የእጅ ዋጋ በጠቅላላ 6,200 ብር። የዕቃውን ደረሰኝ አምጥቶ፣ አሮጌውን ዕቃ እዚያው ትቶልን ሄደ። ከምሳ በፊት ጨርሷል። እማዬ «ልጄ፣ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» ብላ ያዘችው።

ለቤተሰብ ቦይለር የምታሠሩ ካላችሁ፣ ሬዚስታንሱን አውጥቶ ሳያሳያችሁ «ይቀየር» ለሚል ሰው ቀብድ አትስጡ። ሴፍቲ ቫልቭ መኖሩንም ጠይቁ። ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩ ይጥፋ፣ ይህን ልጁ ለእማዬ ደጋግሞ ነግሯታል።

የምመለስ ዕለት እማዬ ከእኔ በፊት ተነስታ ብሬከሩን አብርታልኝ ነበር። በሙቅ ውሃ ታጥቤ ነው ወደ ቦሌ የሄድኩት።