ፍሬኔን ያዩልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ባህር ዳር ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። ምስጋናም ናት፣ ጥቆማም ናት።

ባለፈው እሁድ እኔና ጓደኛዬ ከእንጅባራ ተነስተን ጣና ዳር በብስክሌት ገባን። ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። እንጅባራ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው። አልፎ አልፎ ዳገት ቢኖረውም ብዙው ቁልቁለት ነው። «ቁልቁለት ደግሞ ምን አለው?» የምትሉ አትጠፉም፤ እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።

አርብ ከሰዓት ካቴናዬን ዘይት ላስነካ ብዬ ገበያው አካባቢ ሸራ ወጥረው የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሌላው በሙሉ አልቋል ባይ ነኝ፤ ከሳምንት በፊት ሌላ ቤት ጠቅላላ ሰርቪስ አስደርጌ «ፍሬኑም ታይቷል» ተብዬ ከፍያለሁ። ጋሼ ዘይቱን አንስተው «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ከእንጅባራ ወደዚህ» አልኳቸው። ዘይቱን መልሰው አስቀመጡት።

የፊት ፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አደረጉና ሽቦውን ከእጀታው ራስ መዘው አወጡት። ከውጭ ላየው ደህና ነው። እጀታው ውስጥ የሚደበቀው ጫፉ ግን ክሩ ተበጣጥሶ እንደ ድመት ጺም ቆሟል። ፍሬኔ የተንጠለጠለው በሦስት ወይ በአራት ክር ነበር!

«ይሄ ከተማ ውስጥ ይከርምልህ ነበር፤ አዲስ ቅዳም ቁልቁለት ላይ ግን አንዴ ነው» አሉኝ፤ ሳይቆጡም ሳይስቁም።

ሽቦውን ቀይረውም በዚህ አላበቁም። የክብሪት እንጨት ከኋላ ቸርኬ ጠርዝ አስጠግተው ጎማውን አሽከረከሩት። ጭ… ጭ… ጭ። እንጨቱን የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ፣ ከቸርኬው ሽቦዎች አንዱን ሲያላሉ ሌላውን ሲያጠብቁ፣ ድምፁ እስኪጠፋ አልለቀቁትም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው ክብሪቱን ያያሉ።

ስሄድ ያሉኝን ለሁላችሁም ልንገራችሁ፦ «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘህ አትውረድ። ያዝ፣ ልቀቅ። ያዝ፣ ልቀቅ።» የኛ ዓይነቱ ብስክሌት ፍሬን ቸርኬውን አሽቶ ነው የሚያቆመው። ዝም ብሎ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። አንድ ትርፍ ካላማዳሪያም በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «ከተጠቀምክበት ትከፍላለህ፣ ካልተጠቀምክበት ትመልሳለህ።»

ቅዳሜ ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ላይ አስጭነን ወጣን። (ዘንገናንም አየን። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ስለሱ ሌላ ቀን።) እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት መንገድ ጀመርን። በሥራ ቀን የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት አስፋልት ያን ሰዓት ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄዱ ሰዎች በቀር ማንም የለበትም። የጥቅምት ብርድ ጣት ያደርቃል። ፋግታ ለኮማ ስንደርስ ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ገበሬው ተክሎት፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ ለከሰል ይቆርጠዋል፤ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ጭሱ ከዛፎቹ ሥር እንደ ጉም ተኝቷል።

ከዚያ ጭስ ውስጥ ነው ሁለት ፈረሶች ተከታትለው አስፋልቱ መሀል ዱብ ያሉት። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኞቹን ያየ ያውቀዋል። እኔ ግን በጥቅምት አልጠበቅኳቸውም። ያዝ፣ ልቀቅ የሚባልበት ሰዓት አልነበረም፤ ያዝ ብቻ! ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። የኋለኛው ፈረስ ዞር ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። እኔ እጀታውን መልቀቅ አቅቶኝ ትንሽ ቆየሁ።

ዳንግላ ሽሮ ፍርፍርና ቡና። ዱርቤቴን አልፈን ወተት አባይ ድልድይ ላይ አረፍን። ግልገል አባይ ከሰከላ ተነስቶ እሱም ጣና ነው የሚገባው፣ እኛም ጣና። መርዓዊን እንዳለፍን ጎማዬን እሾህ በሳው፤ ያች በፌስታል የተጠቀለለች ካላማዳሪያ ገባች። ጀንበር ሳትጠልቅ ጣና ዳር ደርሰን ታንኳዎቹ ደንገሉን እየታከኩ ሲመለሱ እያየን የተጠበሰ ዓሳ አዘዝን። ጓደኛዬ ጽጌን ስለሚጾም ሁለቱንም እኔ በላሁ።

ሰኞ ለካላማዳሪያዋ ልከፍል ስሄድ ጋሼ ገንዘቡን ሳይቀበሉ በፊት ቸርኬውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ግሏል?» አሉኝ። የፈረሶቹን ነገር ስነግራቸው ሳቁና ከነጎረቤታቸው ሻይ አስመጡልኝ፤ የከፈልኩትን በሻይ መለሱልኝ ማለት ይቻላል።

ዋጋቸው ከሌላው አይበልጥም። ግን የሚቸኩል ሰው አይሂድባቸው፤ ክብሪቱ ጭ ማለቱን እስኪተው ብስክሌታችሁን አያስረክቧችሁም። እሁድ አይሠሩም፣ ጠዋት ጠዋት ወረፋ የለም። ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ «እጄ ግራሶ ሆኖ ማን ያነሳዋል» ብለው ከልክለውኛል። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን አሳየዋለሁ።