እናቴን አልማዝ ባለጭራ ይዟት የወሰድኩበት የደብረ ብርሃን ክሊኒክ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ።

እማዬ የመንዝ ሴት ናት። ሰባዎቹን ከጀመረች ቆየት ብላለች። ከመሐል ሜዳ ልትጠይቀን እንደመጣች ግራ ጎኗን ያቃጥላት ጀመር። ብርድ ነው ተባለ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ከዚያ ከጀርባዋ ተነስቶ ወደ ጡቷ ሥር የዞረ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት፤ በአንድ ወገን ብቻ። በዚያ ቁር ባናውን ከላይዋ ትገፋዋለች። ጨርቅ ሲነካት እንኳ አትችለውም። ጎረቤታችን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አልማዝ ባለጭራ ነው" አለች። ለምን ዝቅ እንዳደረገች ሁላችንም ገብቶናል። እኛ ጋ ይሄ ስም ሲነሳ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ኤችአይቪን ነው።

በማግስቱ ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው። "ቶሎ መምጣታችሁ ጥሩ ነው" አለ። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው። የኤችአይቪ ምርመራውን እኛን አስወጥቶ፣ እሷኑ አስፈቅዶ አሠራላት። ውጤቱን ራሷ ናት የነገረችን፤ ነፃ ናት። (እንድጽፈው ፈቅዳለች። እንዲያውም "ለዚያች ጎረቤትህ አንብብላት" ብላኛለች።)

"ታዲያ ከየት መጣብኝ?" አለችው። ሐኪሙን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ወረፋው በር ላይ እየጠበቀ ቁጭ ብሎ አስረዳት።

"እማማ፣ አሁን ከውጭ የመጣ አይደለም፤ አብሮዎት የኖረ ነው" አላት። በልጅነት የሚይዘን ጉድፍ፣ እነሱ ቺክንፖክስ የሚሉት፣ ከቆዳ ላይ ሲጠፋ ቫይረሱ አከርካሪ አጠገብ ባሉ ነርቮች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። እንዳይነሳ የሚጠብቁት ቲ ሴል የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ናቸው። እነሱ የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለ ዕጢ ደረት አጥንት ሥር አለ። ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ይሄድና በእርጅና አብዛኛው ስብ ይሆናል። አዲስ ምልምል ይቀንሳል፤ ነባሮቹም ተባዝተው ተባዝተው ይደክማሉ።

ቤት ገብቼ ትንሽ አነበብኩ። ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ በቤተ ሙከራ የሚያድግ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ገደማ ከተከፈለ በኋላ መባዛቱን ያቆማል። ያቆመው ሁሉ ግን አይሞትም። እዚያው ተቀምጦ አካባቢውን የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫል። ሐኪሙም ይህንኑ ነበር ያለን፦ ያረጀ ሰውነት ሁልጊዜ በትንሹ ይቆጣል፣ የምር ጀርም ሲመጣ ግን ዘግይቶ ነው የሚነሳው።

እማዬ ይሄን ስትሰማ "የሸመገለ ውሻ በለኛ! ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ጅቡ ሲመጣ አይነሳም" አለች። ሐኪሙ ሳቁ አመለጠው።

በዚያው አረጋዊ ሰው የሳንባ ምች ይዞት ትኩሳት ላይኖረው እንደሚችል፣ ክትባትም እንደ ወጣቱ እንደማይሠራለት ነገረን። ከ50 ዓመት በላይ ላሉ የሚሰጥ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደ። ሁለቴ ይወጋል፤ በጥናት ላይ ከ70 በላይ የሆኑትንም 90 በመቶ ገደማ ተከላክሏል። እዚህ ክሊኒክ ግን የለም።

ፋርማሲ ያለችውን ልጅም አመስግኑልኝ። የእማዬ መድኃኒት 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ነው። ብዙ ቦታ "5 ጊዜ" ብለው ጽፈው ይሸኙሃል፤ መቼ እንደሆነ አንተው ድረስበት። ይቺ ልጅ ፓኬቱ ላይ በኛ ሰዓት በትልልቁ ጻፈችልን፦ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4። ገና ጉድፍ ያልያዘው የልጅ ልጇን ቁስሉ እስኪደርቅ እንዳታቅፈው ያስጠነቀቀችንም እሷው ናት።

ቅሬታዬ ካርድ ክፍል ላይ ነው። ስንወጣ "ለእናትህ ይጠቅማል" ብለው "ኢሚውኒቲ ቡስተር" የሚል እንክብል ዘረጉልኝ። ዋጋው ከመድኃኒቱ ይበልጣል! ተመልሼ ሐኪሙን ጠየቅኩት። "ምግቧን በደንብ ትብላ፤ ይሄ ያረጀ ሕዋስ አያድስም" አለኝ። ታዲያ ደጃፉ ላይ ለምን ይሸጣል? ቤተሰቡ የደነገጠበትን ሰዓት ጠብቆ እንዲህ ማድረግ ደስ አይልም። አንዷ ኮከብ የሄደችው በዚህ ነው።

ሽፍታው ደርቋል። ሕመሙ ግን ገና አልለቀቃትም። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ የነርቩ ሕመም ለወራት ሊቆይ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮናል፤ ለክትትል እየተመላለስን ነው።

ለምትሄዱ፦ ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ጋቢ ያዙ፣ መጠበቂያው ኮሪደር ነፋስ ያስገባል። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ነርሷ ወርዳ ትደግፍላችኋለች።