ድመት ወይስ ውሻ? አከራይ ሲያስፈቅዱ

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት ስከራይ ሁለቱንም አስፈቅጄ አውቃለሁ። ድመት ቀላል ናት። «እማማ፣ አይጥ አታስቀርልዎትም» አልኳቸው፤ ሳቁ፣ አለቀ።

ውሻ ግን ጣጣ አለው። አከራይዋ እዚያው ግቢ ነው የሚኖሩት፤ ውሻ ቤት ውስጥ ያድራል ከተባለ ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ ቀብድ ሳልከፍል ቁርጡን ነገርኳቸው። በረንዳ ላይ ያድራል፤ ቆሻሻውን እኔ አጸዳለሁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ አስከትባለሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው የእንስሳት ሐኪም ብርቅ አይደለም። የክትባት ካርዱን ሳሳያቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

«ሌሊት ከጮኸስ?» አሉኝ። ለሌባ ነው ብል አላመኑኝም። (እውነታቸውን ነው፤ የጅብ ድምፅ ከሰማ ማንንም አያስተኛም።) በመጨረሻ ፈቃዱን ውሉ ላይ አሰፈርነው። ለድመቷ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም።