ባሕር ዳር ቤት ለምታስቀቡ፦ ክዳን ላይ በማርከር የተጻፈ ቁጥር አትመኑ

በከተማችን ቤት እያሳደሳችሁ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ቀለም ቤት «ራል 1015 በማሽን እንበጠብጣለን» ብሎ ከተራው ቀለም በላይ አስከፍሎኛል። ራል ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የቀለም መለያ ነው። የሰጠኝ ግን 1015 አይደለም። የቤቱን ስም አልጽፍም፤ አሠራሩን ግን ልብ በሉ።

የመጀመሪያው ባልዲ ሳሎኑን ጨርሶ ኮሪደሩ ላይ አለቀ። ቀለም ቀቢው «አንድ ጋሎን ጨምሪልኝ» ሲለኝ ያንኑ ቁጥር ይዤ ተመለስኩ። ማሽኑ ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ልጁ ነጭ ቀለም ከፈተ። ከጠርሙስ ቢጫ ጠብ ጠብ አደረገበት፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀይ፣ ከዚያ በእንጨት አማሰለው። በጣቱ ወረቀት ላይ ቀባና ስልኩ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያየው። «ያው ነው» አለኝ። ክዳኑ ላይ በማርከር 1015 ብሎ ጻፈ።

ቤት ወስጄ ካርቶን ላይ አስቀባሁት። ደርቆ ከግድግዳው አጠገብ ሲቆም ቀን ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ማታ መብራት ሲበራ ግን ካርቶኑ ወደ ሮዝ ሄደ። አንድ ኢንጂነር ጎረቤታችን ትክክለኛውን የራል ካርድ፣ ማለትም የቀለሞቹን ናሙና ከነቁጥራቸው የያዘውን፣ ይዞ መጣ። ካርቶኑም ግድግዳውም አልገጠሙትም። ልመልስ ስሄድ «የተበጠበጠ ቀለም አይመለስም» ተባልኩ።

ራል ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 በ40 ቀለማት የተጀመረ ነው። ዛሬ ዋናው ካርድ ከ200 በላይ ቀለማት አሉት፤ እያንዳንዱ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለው። 1015 ፈዛዛ የዝሆን ጥርስ ቀለም ነው፤ የጀርመን ታክሲዎች የሚታወቁበት። የቁጥሩ ጥቅም ይኸው ነው፦ አዲስ አበባ የተሠራ የብረት በርና ባሕር ዳር የተቀባ ግድግዳ ሳይተያዩ እንዲገጥሙ። ማወዳደሪያው ካርዱ ነው። የስልክ ስክሪን አይሆንም፤ አንዱን ቀለም ሁለት ስልክ ላይ ብታዩት ሁለት ዓይነት ነው።

ማታ የሚለወጠውም ምክንያት አለው። አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ከተለያየ ማቅለሚያ ከተሠሩ፣ በአንዱ ብርሃን ገጥመው በሌላው ይለያያሉ። ሐይቁ ዳር የቀትሩ ፀሐይ ሌላ፣ የሳሎን አምፖል ሌላ። ስለዚህ ናሙናውን ሱቁ በራፍ ላይ አይታችሁ አትወስኑ። በራሳችሁ ግድግዳ ላይ አስቀቡት፣ ይድረቅ፣ ቀንም ማታም እዩት። እርጥብ ቀለም አያስተማምንም።

ማሽን ሲበጠብጥ ፎርሙላ አለው፦ የትኛው ነጭ ቀለም፣ የትኛው ማቅለሚያ፣ ስንት ስንት። ያንን አሳትመው ቆርቆሮው ላይ እንዲለጥፉላችሁ ጠይቁ። የአንዱ ፋብሪካ ፎርሙላ በሌላው ፋብሪካ ነጭ ቀለም ላይ አይሠራም፤ «ሁሉም አንድ ነው» ካሏችሁ አትቀበሉ። ካርዱንም አስወጧቸው። እኔ ስጠይቅ «ሰው ወስዶታል» ነው ያሉኝ። ካርድ የሌለው ቤት ከምን ጋር አስተያይቶ ነው ራል የሚሸጠው? ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የነጣ ካርድም ያው እንደሌለ ነው።

ከተቻለ የሚበቃችሁን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ። ቀቢውም ጋሎኖቹን ትልቅ በርሜል ውስጥ ቀላቅሎ ይጀምር። በጥሩ ማሽን የተሠራም ቢሆን ከአንዱ ቆርቆሮ ወደ ሌላው ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ግድግዳ መሀል ላይ ከሆነ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ደረሰኙን በተመለከተ በጣም አደራ እላለሁ። ለእኔ የቆረጡልኝ «ቀለም» ብቻ ብለው ነው። 1015 የሚለው እንዲጨመር ስጠይቅ እምቢ አሉ። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ብትሉም የገዛችሁት 1015 መሆኑን የምታሳዩበት ወረቀት አይኖራችሁም። አንጽፍም ካሏችሁ ሳትከፍሉ ውጡ።