ስታዲየም አካባቢ ያለው የዓይን ክሊኒክ፦ ሊፍቱ አይሠራም፣ ግን ሂዱ

ክሊኒኩ ስታዲየም አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም። የተማረርኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ ሳልጠራ እነሱን ብቻ ብጠራ ማስታወቂያ ይመስላል። ሊፍቱ አይሠራም። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ጥበቃው ሦስቴም "ነገ ይሠራል" ነው ያለኝ። ወንድሜ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ስለሚተሳሰርበት ብብቱን ይዤ ነው ያወጣሁት። እናቴ ከኋላችን ወረቀት የሞላ ፌስታል ይዛ።

ፌስታሉ የሦስት ዓመት ነው። በ2014 ደብረ ብርሃን 10ኛ ክፍል እያለ የእጅ ጽሑፉ ተበላሸ፣ ዶሮ የጫረው መሰለ። ቀጥሎ እጁ መንቀጥቀጥ፣ አፉ መተሳሰር ጀመረ። አስተማሪው "ጫት ጀምሯል" ብሎ አባቴን አስጠራው። አባቴ መታው። ያን ቀን እስከ ዛሬ አያነሳም።

ከዚያ አንዱ ጋ ጉበት፣ አንዱ ጋ ነርቭ፣ አንዱ ጋ ጭንቀት። ጸበልም ሄደናል፣ አልጸጸትም፣ ቢያንስ እዚያ ማንም ካርድ አውጡ አላለንም። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ አዲስ ቦታ በገባን ቁጥር "የሌላ ቦታ ውጤት አንቀበልም" እየተባለ ያው የጉበት ደም ምርመራ ስድስት ጊዜ ተሠርቷል፣ ኤምአርአይም የመጀመሪያው "ቆይቷል" ተብሎ ሁለት ጊዜ።

እናቴ ሁሉንም በልጅ ደብተር ትጽፋለች። "ካርድ 200። ደም 1,850። አልጋ 3 ቀን። በግ ተሸጠ።" ደምሬው 187,460 ብር መጣ። ያልተጻፈው ደግሞ አለ። እሷ አዲስ አበባ በመጣች ቁጥር የሚያልፋት ገበያ፣ ከሥራ እየቀረሁ የተቆረጠብኝ ደመወዝ፣ ተለማምጬ ቀድሜ የበላሁትና እስካሁን የምከፍለው እቁብ፣ ልጁ ያልተፈተነው የ12ኛ ክፍል ፈተና።

ዓይን ክሊኒክ የገባነው መነጽር ልንገዛለት ነበር፣ "ቲቪው ይደበዝዝብኛል" ስላለ። በቃ። ዶክተሯ አገጩን ማሽኑ ላይ አስደግፋ ማየት ጀመረች። ቆየች። ዝም ስትል እናቴ መቁጠሪያዋን አወጣች። ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠርታ አሳየችው፣ በስልኳም ፎቶ አንስታ ለእኛ አሳየችን። የዓይኑን ጥቁር ዳር ዳሩን ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀለበት ዞሮታል። በባዶ ዓይን ስናየው አልታየንም።

"የጉበት ችግር አለበት ተብሎ ያውቃል?" አለች። እናቴ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

የዊልሰን በሽታ ይባላል። ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ትርፍ መዳብ ማስወገድ ሲያቅተው ጉበትና አንጎል ላይ ይከማቻል፣ ዓይን ላይም። ከ30,000 ሰው አንድ ገደማ ነው የሚይዘው። ቀለበቱን ሁለት ጀርመናዊ የዓይን ሐኪሞች፣ ካይዘርና ፍላይሸር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 ጽፈውታል። እኛ ጋ ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደቀየረ እንጃ። በእርግጥ አውሮፓ እንኳ ብርቅ በሽታ ያለበት ሰው ስሙን እስኪያውቅ በአማካይ 5 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ የሐኪሞቻችንን ሥጋ ብቻ አልበላም።

ዶክተሯ በዓይን ብቻ አልደመደመችም። ለነርቭ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች፣ ስልክም ደወለች። ካርድ 350፣ ምርመራ 600። ማረጋገጫው ሴሩሎፕላስሚን የሚባል የደም ምርመራና የ24 ሰዓት ሽንት ነበር። ሽንቱን በቢጫ ጀሪካን አጠራቅመን፣ በጥቁር ፌስታል ሸፍኜ ከካዛንቺስ በሚኒባስ ስወስደው ረዳቱ "ጠላ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት፣ ምን ልበል። ደሙ ውጭ አገር ነው የተላከው። በሐምሌ 2016 ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የዚህ ዓይነት ምርመራ ዋጋ አይጣል ነው፣ አንዱን ሳምንት ጠይቃችሁ በሌላው ብትሄዱ ተለውጦ ይጠብቃችኋል።

አሁን ትርፉን መዳብ የሚያስወጣ ፔኒሲላሚን የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፣ ሕክምናው የዕድሜ ልክ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳርሼ ስላጣሁት በሰው ከዱባይ ነው የሚመጣልን። ንግግሩ እየተሻለው ነው። እጁ ገና ነው። ቀድሞ ቢጀመር ኖሮ የሚለውን ቤት ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ለክሊኒኩ ከአምስት አራት። ወንበር አይበቃም፣ ካሸሯ ቴሌብር "ኔትወርክ የለም" ትላለች እንጂ የኔ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይሰጥም። ጠይቁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ የድሮ ወረቀት አንድም ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚህ ያነቡታል።

በሽታው በዘር ስለሚመጣ እያንዳንዱ እህትና ወንድም ከአራት አንድ ዕድል አለው ተባልን። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴን ወሰድኳት። ዓይኗ ላይ ምንም የለም፣ ግን ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ስለሚችል ዶክተሯ ደም አዘዘችላት። ደሙም ነጻ ነች አለ። እናቴ ደብተሩን ገልጣ በእሷ ስም አዲስ ገጽ ጀምራ ነበር፣ ሁለት መስመር ጽፋ ዘጋችው።