«ዴርዴቪል»፦ ማን፣ ምን፣ መቼ አወቀ?

«ዴርዴቪል» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ድብድቡ ነው። በምዕራፍ 1 ክፍል 2 መጨረሻ ላይ ያለው የኮሪደር ፍልሚያ እውነትም ይደነቃል፤ ካሜራው የተቆረጠ ሳይመስል አብሮ ይጓዛል፣ ጀግናው ደክሞት ግድግዳ ይደገፋል፣ የጣላቸው ሰዎች እንደገና ይነሡበታል። ድራማው ደጋግሞ እንዲታይ የሚያደርገው ግን የምስጢር አያያዙ ነው። ጸሐፊዎቹ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ መቼ እንዳወቀም እንደ ሒሳብ መዝገብ ይዘውታል።

ሦስቱ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው 13፣ በድምሩ 39 ክፍሎች አሏቸው። ኔትፍሊክስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2016 እና በ2018 ወጡ፤ አሁን ያሉት ዲዝኒ ፕላስ ላይ ነው። አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጭካኔው ስለሚበዛ ልጆች ባሉበት አይከፈትም። ከዚህ በታች የታሪኩ ዋና ዋና መታጠፊያዎች ስለሚነገሩ፣ ያላያችሁ ቢያንስ ምዕራፍ 1ን ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ማት መርዶክ (ቻርሊ ኮክስ) በልጅነቱ በኬሚካል አደጋ ዓይኑን ያጣ ጠበቃ ነው፤ ማታ ማታ ግን ጭምብል አጥልቆ ወንጀለኞችን ይፋለማል። የቀሩት የስሜት ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ስለሰሉ የሰው የልብ ምት ይሰማዋል፤ ማን እንደሚዋሽም ያውቃል። ይህ ችሎታ ለፍልሚያ ብቻ ቢውል ኖሮ ድራማው ተራ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ወደ ጓደኝነት ዞሯል፦ የሰውን ውሸት የሚሰማው ሰው፣ የቅርብ ጓደኛውን ፎጊ ኔልሰንን ለዓመታት ይዋሻል። ክፍል 9 መጨረሻ ላይ ፎጊ የጭምብሉን ባለቤት ያያል። ክፍል 10 ላይ ሁለቱ በአንድ ቤት ይፋጠጣሉ፤ አንዱ ቆስሎ ሶፋ ላይ፣ ሌላው ቆሞ እየጠየቀ። ፎጊን የሚያንገበግበው ድብድቡ ብቻ አይደለም። ስዋሽህ ሁሉ ታውቅ ነበር ወይ ነው ጥያቄው፤ ያለ ፈቃዱ ልቡ ሲደመጥ ኖሯል። በመሃል የሚገቡት የዩኒቨርሲቲ ትዝታዎች ደግሞ ምን እየፈረሰ እንደሆነ ያሳዩናል። ከነርሷ ክሌር ቴምፕል ጋር ያለውን ንግግር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ቆስሎ ከቆሻሻ ገንዳ ያወጣችው እሷ ስለሆነች ጭምብሉን ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች፤ ከእሷ ጋር ሲሆን ዓረፍተ ነገሮቹ ያጥራሉ፣ ድምፁም ይረጋጋል።

የማት ባላንጣ ዊልሰን ፊስክ (ቪንሰንት ዶኖፍሪዮ) የገባበት መንገድ ደግሞ ማንኛውም ጸሐፊ ሊማርበት የሚገባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስሙ አይጠራም፤ ረዳቱ ዌስሊ ነው በእሱ ፈንታ የሚናገረው። ክፍል 3 ላይ አንድ ቅጥረኛ ገዳይ ተገዶ ስሙን ያወጣና ከሚመጣበት ይልቅ ሞትን መርጦ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ፊስክን እናየዋለን፦ አንድ ግዙፍ ሰው በሥዕል ቤት ውስጥ ነጭ በነጭ የሆነ ሸራ ፊት ቆሟል፤ ምን እንደሚሰማው ሲጠየቅ ብቸኝነት ይላል። ክፍል 8 ላይ የልጅነት ቤቱ ግድግዳ ይመጣል። አባቱ ግድግዳውን እያየህ ተቀመጥ ብሎት እናቱን ይደበድባል፤ ልጁ መዶሻ አንሥቶ አባቱን ይገድላል። ሸራውና ግድግዳው የሚገናኙት ከአምስት ክፍል በኋላ፣ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ነው። ክፍል 4 ላይ አናቶሊ የተባለውን ሩሲያዊ ወንበዴ በመኪና በር ጭንቅላቱን ቀጥቅጦ የሚገድለው ከሚወዳት ከቫኔሳ ጋር እራት ሲበላ ገብቶ ስላሳፈረው ነው። ፍቅሩም ጭካኔውም ከዚያው ከአንድ የሐፍረት ምንጭ ይቀዳሉ።

ጀግናውና ባላንጣው እስከ ክፍል 6 ድረስ አይነጋገሩም፤ ያኔም በሬዲዮ ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩት ክፍል 9 ላይ ነው። ትዕግሥቱ ዋጋ አለው፤ በመጨረሻው ክፍል ፊስክ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ እያነሣ ራሱን በመንገደኛው ላይ ከወደቁት ወንበዴዎች ጋር ሲቆጥር፣ ሰውየውን ስለምናውቀው ቃሉ ይከብዳል።

ምዕራፍ 1 አንድ ትልቅ ስሕተት አለበት፤ ጋዜጠኛው ቤን ዩሪክ ክፍል 12 ላይ መገደሉ። በታሪኩ ውስጥ ከማትም ከፊስክም ውጭ ቆሞ ከተማዋን የሚያይ አንድ ዓይን እሱ ነበር። በምዕራፍ 2 ወንበሩን በማትና በፎጊ ቢሮ ለምትሠራው ለካረን ፔጅ ሰጧት፤ የሙያ ልምዱን ግን ሊሰጧት አልቻሉም።

ምዕራፍ 2 ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ፐኒሸር (ወንጀለኞችን እያደነ የሚገድለው ፍራንክ ካስል) የያዛቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ጠንካራ ናቸው፤ በተለይ ክፍል 3 ላይ ማት በሰንሰለት ታስሮ ጣሪያ ላይ ስለ መግደል የሚከራከሩበት። የማት የቀድሞ ፍቅረኛ ኤሌክትራ ስትመጣ ግን ማት ወደ ኒንጃዎቹ ይሄዳል፤ የፍራንክ ካስል ችሎት ለፎጊ ይቀራል። ሁለቱ መስመሮች ስለማይነካኩ ፎጊ የት ነበርክ እያለ ያንኑ ቅሬታ ይደጋግማል፤ ጠቡም ወደፊት አይራመድም። መሬት ውስጥ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ምን እንደሆነም እዚህ አይመለስም፤ መልሱ «ዘ ዲፌንደርስ» በተባለው ሌላ ድራማ ነው።

ምዕራፍ 3 የምስጢሩን መዝገብ እንደገና ይከፍታል። ካረን በምዕራፍ 1 ክፍል 11 ዌስሊን በራሱ ሽጉጥ ገድላ ዝም ብላ ነበር፤ አሁን ያንን ምስጢር እንደ ጦር መሣሪያ ፊስክ ፊት ታወጣዋለች። መዝጊያውም በምስጢር ልውውጥ ነው፦ ፊስክ የማትን ማንነት ይደብቃል፣ በምላሹ ቫኔሳ አትከሰስም።

ጊዜ የሚያጥረው ሰው ምዕራፍ 1ን ሳይዘል ይይ፤ ከምዕራፍ 2 እስከ ክፍል 4 ይበቃዋል። ምዕራፍ 3 የሚጀምረው በ«ዘ ዲፌንደርስ» መጨረሻ ማት ላይ ሕንፃ ከተናደበት በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ስምንቱን የ«ዘ ዲፌንደርስ» ክፍሎች ማየት ወይም ቢያንስ የመጨረሻውን መመልከት ያስፈልጋል።