ከፓሪስ የአንድ ቀን የቤተሰብ ጉዞ፦ ኦንፍለር ወይስ ሳን ማሎ?

ፓሪስ የምትኖሩ ወይም ዘመድ ጥየቃ የመጣችሁ ቤተሰቦች ልጆቹን ለአንድ ቀን ባሕር ልታሳዩ ስታስቡ የሁለት ጥንታዊ ወደቦች ስም ይነሳል፦ የኖርማንዲዋ ኦንፍለርና የብረታኟ ሳን ማሎ። ሁለቱም ያምራሉ። ለመምረጥ መጀመሪያ መኪና አላችሁ ወይ? ከዚያ የልጆቹ ዕድሜ ስንት ነው?

መኪና ለሌለው ሳን ማሎ ትቀላለች። ከሞንፓርናስ ጣቢያ የሚነሳው ቀጥታ ፈጣን ባቡር (ቴዤቬ) ከሁለት ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ያደርሳል፤ ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ ቅጥር በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የቲኬቱ ዋጋ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። በ49 ዩሮ የሚሸጠው የዓመት ቅናሽ ካርድ ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች 60 በመቶ ስለሚቀንስ ሁለት ሦስት ልጅ ላለው ወጪውን ቶሎ ይመልሳል።

ኦንፍለር የመንገደኛ ባቡር የላትም። ከፓሪስ ሳን ላዛር ጣቢያ በባቡር ተነስቶ ዶቪል ወርዶ አውቶቡስ መያዝ ነው፤ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ አድካሚ ነው። በመኪና ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ኤ13 አውራ ጎዳና ላይ የክፍያ ኬላ መቆም ቀርቷል፤ ካሜራ ታርጋ ያነባል፣ ክፍያው በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት ይፈጸማል። መኪና የተከራያችሁ ይህን አትርሱ፤ ቅጣት አለው።

ኦንፍለር የዓይን ከተማ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን አሮጌ ወደብ ጠባብና ረጃጅም ቤቶች ከብበውታል፤ ሠዓሊው ኤዤን ቡደን የተወለደው እዚህ ነው፣ ሞኔም እየመጣ ሥሏል። ፈረንሳዊው አሳሽ ሳምፕላን በ1608 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ኬቤክን ለመመሥረት የተነሳው ከዚሁ ወደብ ነው። እኔን የሚመስጠኝ ቅድስት ካትሪን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመርከብ አናጺዎች ሙሉ በሙሉ ከእንጨት ሠሩት፤ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ስታዩ የተገለበጡ ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ታያላችሁ። የደወሉ ግንብ ደግሞ ለብቻው፣ ከአደባባዩ ማዶ ቆሟል። ይህ ሁሉ ከወደቡ ጥቂት እርምጃ ስለሆነ ከአገር ቤት ለመጡ እናትና አባት ይመቻል። ለመዋኘት ለቋመጠ ልጅ ግን አልመክረውም፤ የሴን ወንዝ አፍ ስለሆነ ውሃው ደፍራሳ ነው።

ሳን ማሎ የልጆች ናት። ሁለት ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ቅጥር ላይ በነፃ ይዞራል፤ በአንድ ወገን ጣሪያዎች፣ በሌላው ባሕር። በንጉሥ ፈቃድ የጠላት መርከብ ይዘርፉ የነበሩት የባሕር ተዋጊዎች ታሪክ ደግሞ የስድስት ዓመትም የአሥራ አራት ዓመትም ልጅ ይይዛል። ከቅጥሩ ውስጥ ያለው ከተማ አብዛኛው በ1944 በጦርነት ነዶ እንደገና የተሠራ ነው። ይህን ሰምተው «ጥንታዊ አይደለችም» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቅጥሩ ከእሳቱ ተርፏል፣ ነዋሪውም ድንጋይ በድንጋይ መልሶ አቁሟታል፤ ልጆች ሊሰሙት የሚገባ ታሪክ ነው።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የባሕሩን ሰዓት እዩ። እዚህ ውሃው በሙላትና በጉድለት መካከል እስከ 12 ሜትር ይለዋወጣል። ሲሸሽ ደራሲው ሻቶብሪያን ወደተቀበረበት ግራን ቤ ደሴት በእግር ይኬዳል፤ ሲመለስ መንገዱን ይውጠዋል፣ የዘገየ ሰው እዚያው ሰዓታት ይጠብቃል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባለው ሰሞን ባሕሩ እጅግ ርቆ የሚሸሸው ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ጠዋት መጥቶ ማታ ለሚመለስ ቤተሰብ ይህን የመሰለ ቀን የለም። ቅጥሩ ላይ ሳላችሁ ትንንሾቹን በእጅ ያዙ፤ መከለያው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፣ ደረጃውም ለጋሪ አይሆንም።

ምግብ ላይ የብረታኝ ጋሌት ከጥቁር ስንዴ ዱቄት እንደ እንጀራ ሰፊ ምጣድ ላይ የሚጋገር ነው። «ኮምፕሌት» የሚባለው የአሳማ ሥጋ አለበት፤ የማትበሉ «ሳን ዣምቦን» ብላችሁ እዘዙ። ለጿሚ ደግሞ ቅቤና እንቁላል መኖሩን ጠይቁ፣ ቅቤ ሳይነካው የሚወጣ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በባቡር የምትሄዱና ስድስት ዓመት ያለፋቸው ልጆች ያሏችሁ ሳን ማሎን ያዙ። መኪና ያላችሁ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ የምትወጡ ኦንፍለር ሂዱ፤ በበጋ ቅዳሜ ገበያ ስለሚቆምና ማቆሚያ ስለሚሞላ ከረፋዱ በፊት ድረሱ።